ክዳኑን አትክፈቱት

በትምህርት ቤቶቻችን የሳይንስ አውደ ርዕይ ሲዘጋጅ ጠረጴዛ ላይ የሚደረደረው ነገር ከዓመት ዓመት እምብዛም አይለወጥም። ከጭቃ የተሠራ ልብ፣ ከካርቶን የተቆረጠ የፀሐይ ቤተሰብ፣ ከሽቦና ከባትሪ ድንጋይ የተገጣጠመ መብራት፣ በፍሊፕ ቻርት ላይ በማርከር የተሳለ የምግብ ሰንሰለት። ሣሩ ለፌንጣ፣ ፌንጣው ለእንቁራሪት፣ እንቁራሪቷ ለእባብ፣ እባቡ ለጭልፊት፤ በመካከላቸው ቀስት። ተማሪዎቹ ተግተው ሠርተውታል፤ መምህሩም አምሽቶበታል። ሆኖም ሥዕሉ ሰኔ ላይ የሚነግረን መስከረም ላይ ከነገረን የተለየ ነገር የለም። ልጁ ከመጽሐፍ ገልብጦ ያመጣዋል፤ ለፈተና ይሸመድደዋል፤ ፈተናው ሲያልፍ ይረሳዋል።

በመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ውስጥ በአንድ ክፍል መስኮት ላይ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ማር ወይም ማርማላታ ሲሸጥበት የነበረ ዓይነት፣ አፉ ሰፊ የሆነ የመስታወት ጠርሙስ። ከታች ከወንዝ የተለቀመ ጠጠር ተነጥፏል። በላዩ ከምድጃ የተረፈ ከሰል ደቅቆ ተበትኖበታል። ቀጥሎ ከወይራ ሥር ከነብስባሹ የተዛቀ አፈር አለ። አፈሩ ላይ ከምንጭ ዳር የተነቀለ ፈርን፣ ትንሽ የሣር ጉንጉን፣ ክረምት ላይ ድንጋዩን ከሚያለብሰው አረንጓዴ ነገር ቁራጭ ተተክሎበታል። አንድ ሲኒ ውሃ ጠጥቷል። ከዚያ ክዳኑ ጠብቆ ተዘግቶ ዙሪያው በፕላስተር ታሽጓል። ጎኑ ላይ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ተለጥፏል፤ የታሸገበት ቀንና «አትክፈቱ» የሚል ትእዛዝ ተጽፎበታል።

ጠዋት ክፍሉ ሲከፈት ጠርሙሱ ጉም ለብሶ ይገኛል። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ የደጋው ሌሊት ሲበርድ፣ ጠብታው ይወፍራል። ረፋድ ላይ ጠብታዎቹ እየተያያዙ በመስታወቱ ጎን ቁልቁል ይወርዱና አፈሩ ውስጥ ይገባሉ። ሥሩ የጠጣው፣ ቅጠሉ ያተነነው፣ መስታወቱ አቀዝቅዞ የመለሰው ያው ያ አንድ ሲኒ ውሃ ነው። ቀን ቀን ቅጠሉ በብርሃን ኃይል ካርቦን ዳይኦክሳይድንና ውሃን አዋህዶ ስኳር ይሠራል፤ ኦክስጅን ይለቃል። ተክሉም፣ አፈሩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች፣ ሻጋታዎችና ጥቃቅን ነፍሳትም ቀን ከሌሊት ኦክስጅኑን እየተነፈሱ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን መልሰው ይሰጣሉ። ከውጭ የሚገባው ብርሃንና ሙቀት ነው፤ የሚወጣውም እንደዚሁ። ሌላው ሁሉ ውስጥ ለውስጥ ይዞራል። መጽሐፉ የውሃ ዑደት፣ የካርቦን ዑደት እያለ ለየብቻ የሚያስተምረውን ልጆቹ እዚህ አንድ ላይ ሲሆን ያዩታል።

ክፍሉ በተራ የሚጽፍበት ደብተር አለ። ገጹ «ቀን»፣ «ሰዓት»፣ «ያየሁት»፣ «የጠየቅሁት» ተብሎ በእስክሪብቶ ተሰምሯል። አንዲት ልጅ «ሁለት ቅጠል ወድቋል። እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ነገር ወጥቶበታል» ብላ ጽፋለች። ሌላው ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት «ጥጡ በዝቷል፤ ቅጠሉ ጠቁሯል፣ አንሷል» ይላል። ጥቂት ገጾች ገለጥ ሲደረግ ደግሞ እንዲህ ይነበባል፦ «ጥጡ የለም። ቅጠሉም የለም። ማንም አልከፈተም። ቅጠሉን ማን በላው?» ከጥያቄው ሥር ሁለት ጊዜ ተሰምሯል።

መምህሩ መልሱን አልነገራቸውም። «ቲቸር፣ ትል ገብቶ ነው?» ሲሉት «እስቲ እዩት» ነበር ያላቸው። ነጩ ነገር የሰነበተ እንጀራ ላይ የሚወጣው ሻጋታ ዘመድ መሆኑን ደርሶበት የጻፈው አንድ ልጅ ነው። ቤት ውስጥ ሻጋታ ምግብ አበላሽቶ የሚያስጥል ጠላት ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ግን የወደቀውን ቅጠል ፈጭቶ ለፈርኑ የሚመልሰው እሱና ዓይን የማያያቸው ባልንጀሮቹ ናቸው። በፍሊፕ ቻርቱ ሰንሰለት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የማይሳሉትም እነሱ ናቸው፤ ሣር፣ ፌንጣ፣ እንቁራሪት ተብሎ ጭልፊቱ ላይ ሲደረስ ያበቃል። ጭልፊቱ ሲሞት ማን ወደ አፈር እንደሚመልሰው የሚጠይቅ የለም። ይህ ክፍል ግን ጠይቋል።

ከሁሉም በላይ የወደድኩት ግን ሚዛኑን ነው። ጠርሙሱ እንደታሸገ አንድ ባለ ሱቅ ዘንድ ተወስዶ በዲጂታል ሚዛን ተመዝኗል፤ ክብደቱም ደብተሩ ላይ ሰፍሯል። ወራት ካለፉና ሣሩ መስታወቱን ታክኮ ክዳኑ ጋ ከደረሰ በኋላ መምህሩ እንደገና ከመመዘኑ በፊት ልጆቹን ጠየቃቸው፦ ይጨምራል፣ ይቀንሳል ወይስ ያው ነው? አብዛኞቹ ይጨምራል አሉ። «ሣሩ አድጓላ!» ሚዛኑ ያንኑ የመስከረሙን ቁጥር አሳየ። ባለ ሱቁ ራሱ እጁን በክዳኑ ዙሪያ አዙሮ መታሸጉን አረጋገጠ ብለው ነገሩኝ። ያደገው ሣር ከውጭ የመጣ ነገር የለውም፤ የተሠራው ጠርሙሱ ውስጥ ከነበረው አየር፣ ውሃና አፈር ነው። የብራስልሱ ሐኪም ያን ባፕቲስታ ቫን ሄልሞንት አንዲት የአኻያ ችግኝ በተመዘነ አፈር ውስጥ ተክሎ አምስት ዓመት ውሃ ካጠጣት በኋላ ዛፏ ከ70 ኪሎ በላይ ስትጨምር አፈሩ የጎደለው 60 ግራም እንኳ እንደማይሞላ አገኘ። ጽሑፉ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1648 ነው። ዛፉ ሁሉ ከውሃ የተሠራ መሰለው፤ የአየሩን ድርሻ አላሰበውም። የዓለም ከተማ ልጆች አየሩም አብሮ ስለታሸገ እሱ የሳተውን ሊያገኙት በሚችሉበት ቦታ ላይ ቆመዋል።

የጠርሙሱ ታሪክ ራሱ የተጀመረው ዝም ብሎ በማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1829 የለንደኑ ሐኪም ናትናኤል ዋርድ አንድ የእሳት ራት ሙሽሬ ከእርጥብ አፈር ጋር በጠርሙስ አድርጎ ዘጋው፤ ክንፍ አውጥቶ ሲወጣ ለማየት ነበር። ከአፈሩ ግን ያልዘራቸው ፈርንና ሣር በቀሉ። በከሰል ጭስ በታፈነችው ለንደን፣ በግቢው ውስጥ እምቢ ሲሉት የኖሩት ፈርኖች በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ለመለሙ። ወደ አራት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ኖሩ፤ የሞቱት ክዳኑ ዝጎ ዝናብ ስላስገባ ነው። ዋርድ ያየውን ይዞ የመስታወት ሳጥን አሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1833 ተክል ሞልቶ በመርከብ ወደ ሲድኒ ላከ፤ ተክሎቹም በሕይወት ደረሱ። በዚያው ዓይነት ሳጥን ነው ሮበርት ፎርቹን የተባለው ስኮትላንዳዊ ወደ 20,000 የሻይ ችግኝ ከቻይና አውጥቶ ወደ ሕንድ ያሻገረው። ዋርድ የሚጠብቀው የእሳት ራት ነበር፤ ያልጠበቀውን ሣር ግን አረም ነው ብሎ አልነቀለውም።

ይህን ሥራ ብዙ ትምህርት ቤቶች ቢይዙት ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ የማርክ አሰጣጡ ነው። በሌላ ቦታ፣ በሌላ ትምህርት ቤት፣ ቡድኖች ጠርሙስ ሠርተው ሲወዳደሩ አይቻለሁ። አንደኛ የወጣው በጣም የለመለመው ነበር። የአንዱ ቡድን ተክል ጠውልጎ ነበርና ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ነው ሲባል ክዳኑ ተከፍቶ የጠወለገው ተነቀለ፤ ከግቢው አበባ ተቆርጦ ተተካ። ልጆቹ ከዚያች ቀን የተማሩት ስለ ተክል አልነበረም፤ ለሹም የሚታይና ለራስ የሚታወቅ ነገር የተለያዩ መሆናቸውን ነው። ይህን ለማስተማር ሳይንስ ክፍል አያስፈልግም። በዚያ ላይ ያ የጠወለገው ተክል ከሁሉም ጠርሙሶች ይልቅ ብዙ የሚያስተምር ነበር። ውሃ በዝቶበት ነው? ፀሐይ ፊት ለፊት መትቶት ነው? ወይስ ያልተብላላ ፍግ ተጨምሮበት አፈሩ ኦክስጅኑን ጨርሶበት? ደብተር ቢኖር መልሱ ደብተሩ ውስጥ ይገኝ ነበር።

ስለዚህ ማርኩ ለደብተሩ ይሰጥ፤ ለልምላሜው አይሰጥ። ጠርሙሱ የሞተበት ቡድን መቼ መታመም እንደጀመረ፣ ምን ቀድሞ እንደታየ፣ ምክንያቱ ምን ሊሆን እንደሚችል በቅደም ተከተል ከጻፈ ሙሉ ማርክ ይገባዋል። ጠርሙሱ ለምልሞ ደብተሩ ባዶ የሆነ ቡድን ግን ያገኘው ዕድል ነው።

ትልልቆቹም ወድቀው ነው የተማሩት። እ.ኤ.አ. መስከረም 26 ቀን 1991፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 15 ቀን 1984 ዓ.ም.፣ እኛ ደመራ ልንለኩስ አንድ ቀን ሲቀረን፣ በአሜሪካ አሪዞና በረሃ ስምንት ሰዎች ባዮስፌር ሁለት በተባለ ግዙፍ የመስታወት ቤት ውስጥ ገብተው ተዘጋባቸው። ስፋቱ 1.27 ሄክታር ነው። ጫካ፣ በረሃ፣ ትንሽ ባሕርና እርሻ ተሠርቶበታል። ሁለት ዓመት ከውጭ ምግብም አየርም ሳያገኙ ሊኖሩ ነበር ሐሳቡ። ኦክስጅኑ ግን ቀስ በቀስ መጉደል ጀመረ። ከ20.9 በመቶ ተነሥቶ በ16 ወር ውስጥ ወደ 14.5 በመቶ ወረደ። ይህም 4,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ ማለት ግሼ በኩል ከፍ ብሎ በሚታየው በአቡየ ሜዳ ተራራ ጫፍ ላይ፣ ሰው የሚያገኘውን ያህል ነው። ሰዎቹ ደከሙ፣ እንቅልፍ ነሣቸው፤ በመጨረሻ ኦክስጅን ከውጭ እንዲገባላቸው ሆነ።

ምክንያቱ ሲመረመር እርሻው እንዲያፈራ ተብሎ የገባው የደለበ አፈር ሆኖ ተገኘ። በአፈሩ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሕያዋን ኦክስጅኑን ይበሉት ነበር። እነሱ የተነፈሱት ካርቦን ዳይኦክሳይድ መብዛት ሲገባው የሚጠበቀውን ያህል ስላልበዛ ተመራማሪዎቹ ግራ ተጋቡ። ለካ የሕንፃው ኮንክሪት እየመጠጠ ወደ ኖራ ድንጋይ ዓይነት ነገር ይቀይረው ነበር፤ ተክሎቹ ወደ ኦክስጅን መልሰው ሊያዞሩት የሚገባው ግድግዳው ውስጥ ቀረ። የአበባ ብናኝ ከአበባ ወደ አበባ የሚያደርሱት ነፍሳት አለቁ፤ ጉንዳንና በረሮ ረቡ። ያን ሁሉ ገንዘብ የፈጀው ቤት እንደታሰበው አልሆነም፤ ነገር ግን አየሩ በየዕለቱ እየተለካ ይመዘገብ ስለነበር ኦክስጅኑ የት እንደገባ ሊታወቅ ቻለ። ቁጥሩ ባይጻፍ ኖሮ የሚቀረው ወሬ ብቻ ነበር።

የእኛ ሰው ደግሞ ምድርን ዘግቶ ማቆየት እንግዳው አይደለም። ከመርሐቤቴ በስተምሥራቅ፣ መንዝ ውስጥ ያለው የጓሳ ምድር ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ የውርጭ አገር ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። በአገሬው ትውፊት ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ አስቦና ጌራ የተባሉ አባቶች ተወላጆች በቄሮ ሥርዓት ይጠብቁት ነበር። ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው የጓሳ ሣር ተዘግቶ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይቆይ ነበር። ከመከፈቱ በፊት ሽማግሌዎች የሣሩን ቁመት ያዩ ነበር፤ ሲደርስ ብቻ ይከፈት ነበር። የገባበት ሰው ይቀጣ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የርስቱን ሥርዓት ሲያፈርስ ቄሮም አብሮ ተዳከመ፤ ሆኖም ሕዝቡ ጓሳን ጨርሶ አልተወውም፤ በሌላ መልክ ኮሚቴ አቋቁሞ ሲጠብቀው ኖሯል፤ ዛሬም የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ነው። እነዚያ ሽማግሌዎች ሣሩን ሲመለከቱ ያደርጉት የነበረውና ልጆቹ ጠርሙሱን ሲመለከቱ የሚያደርጉት አንድ ነገር ይመስለኛል፤ እጅን ሰብስቦ ዓይንን መክፈት።

በመርሐቤቴ ገደላማ ምድርም ጉዳዩ የዕለት ጉዳይ ነው። ዓለም ከተማ የተቀመጠችው በጀማና በወንጭት ሸለቆዎች መካከል ባለ አምባ ላይ ነው፤ ከሌሚ ወርዶ የጀማን ድልድይ ተሻግሮ ዳገቱን የወጣ ሰው አፈሩ በየክረምቱ ወዴት እንደሚሄድ ለመረዳት አስረጂ አይፈልግም። ተዳፋቱ እርከን ይሠራለታል፤ የተራቆተው ኮረብታ ከሰውና ከከብት ንክኪ ነፃ ይደረጋል። በየስብሰባው ደግሞ ያው ክርክር ይነሣል፦ «ተዘግቶ ለማን ሊጠቅም? ከብቶቼን የት ላሰማራ?» ጥያቄው የችግር ጥያቄ ነውና መናቅ የለበትም። የልማት ሠራተኛው ብዙ ጊዜ የሚመልሰው በመመሪያ ነው። ያንን ጠርሙስ ከመስከረም እስከ ሰኔ ያየች ልጅ ግን ለአባቷ የምትለው አላት፦ «አባዬ፣ የወደቀው ቅጠል እዚያው ከቀረ አፈር ይሆናል፤ እኛ ጋ በዓይናችን አይተነዋል።» ኮረብታው እርግጥ ጠርሙስ አይደለም። ዝናብ ይዘንብለታል፣ ወፍ ዘር ይጥልለታል፣ ጎርፍም ይወስድበታል። ጓሳም ቢሆን ጊዜው ሲደርስ ይከፈት ነበር። ልጆቹ የጠርሙሱንና የኮረብታውን ልዩነት መጻፋቸው ራሱ ጥሩ የቤት ሥራ ይሆናል።

ለመጀመር የሚያስበው መምህር ጥቂት ነገር ልብ ቢል መልካም ነው። ሃይላንድ ቆርጦ መሥራት ይቻላል፤ ግን ፕላስቲኩና መጋጠሚያው ከጊዜ ጋር እርጥበት ስለሚያስመልጥ የሚዛኑን ሙከራ ያበላሻል፤ መስታወት ይሻላል። ውሃ አይብዛ፤ አፈሩ ሲጨበጥ የማይንጠባጠብ ይሁን። የደጋ ፀሐይ በመስታወት ላይ ፊት ለፊት ካረፈች ውስጡን ትቀቅለዋለች፤ ቦታው ብርሃን ያለበት ጥላ ይሁን። እንሽላሊት፣ ዓሣ፣ ጫጩት አይታሸግ፤ ትንፋሽ የሚያጥረው እንስሳ ለትምህርት ተብሎ መሰቃየት የለበትም። ከአፈሩ ጋር የሚገቡት ጥቃቅን ነፍሳት ይበቃሉ። የሚቻል ከሆነ ደግሞ ሦስት ጠርሙስ እኩል ይሠራ፦ አንዱ ታሽጎ ብርሃን ላይ፣ አንዱ ታሽጎ ካርቶን ውስጥ፣ አንዱ ክዳን የሌለው። ጨለማ ውስጥ ያለው ተክል ምን እንደሆነ፣ ክዳን የሌለው በምን ያህል ቀን እንደደረቀ ሲታይ የብርሃንና የክዳኑ ሥራ ይለያል። ስልሳና ሰባ ተማሪ በሚታጨቅበት ክፍል፣ በአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ ማይክሮስኮፕ በሌለበት ቤተ ሙከራ ይህን ያህል የሚያሠራ ሌላ መሣሪያ አላውቅም። ትምህርት ቤቶች የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከል የሚሉት ክፍል አላቸው፤ ከጭቃው ልብ ጎን ለሦስት ጠርሙስ የሚሆን ቦታ አይጠፋም።

ዓለም ከተማ ደግሞ ብዙ ከተሞች የሌላቸው ዕድል አላት። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ከጀርመኗ የባቫሪያ ከተማ ከፋተርሽቴተን ጋር እህትማማች ናት። በታኅሣሥ ወር እዚያ ቀኑ ስምንት ሰዓት ከምናምን ብቻ ሲሆን ዓለም ከተማ ውስጥ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብርሃን አለ፤ በሰኔ ደግሞ እዚያ ወደ አሥራ ስድስት ሰዓት ይረዝማል፤ እዚህ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ብዙም አይበልጥም። የሁለቱ ከተሞች ልጆች በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ዓይነት ጠርሙስ፣ የየአገራቸውን አፈርና ሣር አሽገው የደብተራቸውን ገጽ በየወሩ ቢለዋወጡ የብርሃን ርዝመት ለሣር ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም ወገን ብቻውን ሊያውቀው የማይችለውን ያውቃል። በእህትማማችነቱ ሁሌ ከዚያ ወደዚህ የሚመጣውን እንቆጥራለን፤ በዚህ ሥራ ግን የእኛ ልጆች የሚልኩት ቁጥር ከእነሱ እኩል ይፈለጋል። እነሱም መስከረም አጋማሽ ላይ ትምህርት ይጀምራሉ። አፈሩ ገና የክረምቱን እርጥበት እንደያዘ፣ መስቀል ሳያልፍ ጠርሙሶቹ ቢታሸጉ የመጀመሪያው ደብዳቤ በጥቅምት መጨረሻ ሊላክ ይችላል።